ጥምቀት ላይ ራሱን የተመታው ልጅና ማጅራቱ

ልጁ ወደ እኔ የመጣው የካቲት 20 ነው። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ የእናቱን ክንድ ይዞ ገባ። 19 ዓመቱ ነው። የአዘዞ ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ገና ሳይቀመጥ «ሲስተር፣ መብራቱን ብታጠፊው?» አለኝ። አጠፋሁት። በመስኮቱ ብርሃን አወራን።

ስሙን አልጽፍም። ታሪኩን እንድጽፍ ግን እሱም እናቱም ፈቅደውልኛል። እናቱ እንዲያውም «ጻፊው ልጄ፣ እንደኛ ጨለማ ቤት የተቀመጠ ሌላም ይኖራል» ነው ያሉኝ። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፣ የምሠራው ጎንደር ነው። ኦስቲዮፓት አይደለሁም። ኦስቲዮፓቲ አጥንትን፣ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ ማከም ላይ የተመሠረተ የሕክምና ዘርፍ ነው። ከኦስቲዮፓቲ የመጡ አንዳንድ የእጅ ሕክምና ዘዴዎችን ግን ተምሬ እጠቀማለሁ፣ ይሄን ልጅም በእነሱ ነው የጀመርኩት።

የሆነው እንዲህ ነው። ጥር 11 ጠዋት፣ ፋሲለደስ መዋኛ። ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ እየተንደረደረ ሲዘል አይታችሁ ታውቃላችሁ። እሱም ዘለለ። ከውሃው ብቅ ሲል ሌላ ልጅ ከላይ ወረደበት። የወረደበት ልጅ ጉልበት የታማሚዬን ጭንቅላት ከኋላ፣ ከቀኝ ጆሮው ትንሽ ዝቅ ብሎ መታው። ራሱን አልሳተም። ጓደኞቹ ጎትተው አወጡት። ዳር ላይ ተቀምጦ «ጫማዬ የት አለ?» አለ። አሳዩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ጫማዬ የት አለ?» ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ጫማው እግሩ ሥር ነበር። ታቦት ሲሸኝ የተነሳው ፎቶ ስልኩ ላይ አለ፣ እሱ ግን መሸኘቱን ዛሬም አያስታውስም።

የአንጎል መናወጥ ወይም ኮንከሽን የሚባለው ይሄ ነው። «ራሱን ካልሳተ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው ብዙ አለ። ልክ አይደለም። ከሚናወጡት አብዛኞቹ ራሳቸውን አይስቱም። መደናገር፣ ያንኑ ጥያቄ መደጋገም፣ የሆነውን አለማስታወስ በቂ ምልክት ነው።

ማታ አንድ ጊዜ አስታወከ። ቤተሰቡ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ወሰዱት፣ ደግ አደረጉ። ሲቲ ስካን ተነሳ። ደም የለም፣ ስብራት የለም። «ምንም የለብህም፣ እረፍ» ተባለ፣ ፓራሲታሞል ተሰጠው፣ ወደ ቤት። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ምርመራው ልክ ነበር። ግን ሲቲ ስካን የሚፈልገው ደምና ስብራት ነው፣ መናወጥን አያሳይም፤ የሚታወከው የአንጎል አሠራር እንጂ ቅርጹ አይደለም። «እረፍ» ሲባልስ ለስንት ቀን? ከዚያስ ምን ያድርግ? ማንም አልነገራቸውም። እናትም በእናትነታቸው የተረዱትን አደረጉ። መጋረጃ ዘጉ፣ ስልክ ነጠቁ፣ ልጁን አስተኙት። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት።

በ2022 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡ የዘርፉ ባለሙያዎች የተስማሙበት መመሪያ አለ፣ የታተመው በ2023 ነው። የመጀመሪያዎቹን 24 እስከ 48 ሰዓታት ቀለል አድርገህ አሳልፍ ይላል። ያ ማለት ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ ስክሪን ቀንሶ፣ በደንብ ተኝቶ ማለት ነው እንጂ ጨለማ ውስጥ መዘጋት አይደለም። ከዚያ ምልክቱን በጣም እስካላባባሰ ድረስ በእግር መሄድ ይጀመራል። አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ያገግማል፣ ልጆች እስከ አራት ሳምንት ይወስድባቸዋል። ከአራት ሳምንት ካለፈ «ይለፍለት» ብሎ መጠበቅ አይበቃም፣ ምን እንደያዘው መፈለግ ያስፈልጋል። የእኛ ልጅ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነበር።

በመካከል ወጌሻ ጋ ሄዷል። ስለ ወጌሻ ክፉ መናገር አልፈልግም፣ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ የወለቀ ጣቴን የመለሱልኝ የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው። ግን ራሱን የተመታ ሰው አንገቱም አብሮ ተመቷል። እኚህ ሰው በቅቤ አሹት፣ ከዚያ አገጩን ይዘው ድንገት ጠመዘዙት። «ቀጭ አለ» አለኝ ልጁ፣ እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱ ዞረበት። ከአንገት አጥንቶች ጋር ተጠግቶ ወደ አንጎል የሚወጣ የደም ሥር አለ። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ የውስጥ ግድግዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን ስትሮክ ያመጣል። እባካችሁ፣ በቅርቡ ራሱን የተመታን ሰው አንገት ማንም እንዳይጠመዝዝ። እኔም አልጠመዝዝም።

ስለዚህ መጀመሪያ እጄን አላሳረፍኩበትም። ጠየቅሁት፣ መረመርኩት። ራስ ምታቱ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ነው? ደጋግሞ ያስታውከዋል? ያንቀጠቅጠዋል? እጅ ወይም እግር ይደክመዋል? ንግግሩ ይኮላተፋል? ለሁለት ያያል? ለመቀስቀስ ያስቸግራል? አንዱ የዐይን ብሌን ከሌላው ሰፍቷል? ከነዚህ አንዱ ቢኖር የኔ ክፍል ቦታው አልነበረም፣ በመጣበት ባጃጅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነበር የምልከው። አልነበረም። የአንገቱን አጥንቶችና ጅማቶች ጥንካሬ አየሁ፣ የደም ግፊቱን ተኝቶም ቆሞም ለካሁ። ደህና ነው።

ከዚያ 22 ምልክቶች ያሉት መጠይቅ አለ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 6 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ሙሉው 132 ነው። በአማርኛ እያነበብኩ ሞላነው። 57 አመጣ። ከባዶቹ ራስ ምታት፣ የአንገት ሕመም፣ ማዞር፣ ብርሃን መጥላት፣ «እንደ ጉም ውስጥ መሆን» ናቸው። የመጨረሻውን ሳነብለት ቀና አለ። «እሱ ነው። ለሰው ማስረዳት ያቃተኝ እሱ ነው» አለኝ።

አሁን ወደ አንገቱ። በጀርባው አስተኝቼ፣ አገጩን ወደ ደረቱ አጥፌ፣ ራሱን ወደ ግራ አዞርኩ። 42 ዲግሪ ሄደ፣ ጤነኛ ነው። ወደ ቀኝ 22 ላይ ቆመ፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ። ከዚያ የቀኝ ማጅራቱን፣ የራስ ቅል አጥንቱ የሚያልቅበትን ቦታ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። እዚያ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች እንደተገመደ ገመድ ሆነዋል። ዐሥር ሰከንድ ያህል ያዝኩት። «ይሄው! ይሄ ነው! ዐይኔ ውስጥ ገባ!» አለ። ስለቀው ቀስ ብሎ ጠፋ።

በቃ፣ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። የላይኞቹ ሦስት የአንገት ነርቮችና የፊት፣ የግንባር፣ የዐይን ዙሪያ ስሜት የሚያመጣው ነርቭ ወደ አንጎል ሲገቡ የሚገናኙት አንድ ቦታ ነው። ስለዚህ ማጅራት ሲታመም ዐይን ሥር የሚያም ይመስላል። ልጁ ስድስት ሳምንት «አንጎሌ ተጎድቷል» ብሎ የፈራው ራስ ምታት፣ ቢያንስ ግማሹ፣ የአንገት ነበር። አንጎልን በእጅ ማከም አይቻልም። አንገትን ግን ይቻላል።

አንድ ሙከራ ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው። ትንሽ የሌዘር መብራት በጨርቅ ግንባሩ ላይ አሰርኩለት። ከግድግዳው 90 ሴንቲ ሜትር አርቄ አስቀመጥኩትና ቀዩ ነጥብ ያረፈበት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። «ዐይንህን ጨፍን፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ አሁን መጀመሪያ ወደነበርክበት ተመለስ።» ተመለሰ፣ «ደርሻለሁ» አለ። ዐይኑን ሲገልጥ ነጥቡ ከምልክቱ 11 ሴንቲ ሜትር ርቋል። ደጋግመን ሞከርን፣ ያው ነው። ከ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ከሳተ አንገቱ ጭንቅላቱ የት እንዳለ በትክክል እየነገረው አይደለም ማለት ነው። ዐይን አንድ ነገር ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን መሣሪያ ሌላ፣ አንገት ደግሞ ሌላ። የዚህ ድምር ማዞር ነው። እናትየው ግድግዳውን አይተው «ታዲያ ልጄ አልቀጠፈም» አሉ። ዘመድ «ፈተናውን ፈርቶ ነው» እያለ ቆይቷልና ያቺ ቀይ ነጥብ ለሳቸው ትልቅ ነገር ነበረች።

ኦስቲዮፓቲ የሚለው ስም ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ ትንሽ ልበል። የጀመረው አንድሩ ቴይለር ስቲል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር አጣ፣ በዘመኑ መድኃኒት ላይ የነበረው እምነት ተሰበረ። በ1874 የራሱን መንገድ ይፋ አደረገ፣ በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ከርክስቪል ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዚህ መስክ የሚመረቁት ሙሉ ሐኪሞች ናቸው፣ መድኃኒት ያዛሉ፣ ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ። አውሮፓ ላይ ግን በአብዛኛው በእጅ ብቻ የሚያክሙ ናቸው።

እኔ በልጁ ላይ የተጠቀምኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማጅራትን ማላላት። ተኝቶ፣ የሁለት እጄን ጣቶች ጫፍ ከራስ ቅሉ ሥር አሳርፌ፣ የራሱ ክብደት ብቻ ጣቶቼ ላይ እንዲወድቅ ማድረግ። አይታሽም፣ አይገፋም። ዝም ብሎ መያዝ። መጀመሪያ ጠጠር ላይ ያረፍኩ ያህል ነበር። ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ አንድ ነገር እንደ ሊጥ ተለቀቀ፣ ራሱ መዳፌ ላይ ከበደኝ፣ ትንፋሹ ረዘመ። ሁለተኛው ደግሞ የራሱን ጡንቻ መጠቀም ነው። ራሱን ወደ ቀኝ እስከሚሄድበት አዞርኩና «አሁን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ ወደ ግራ እጄን ግፋ» አልኩት። አምስት ሰከንድ ይገፋል፣ ይለቃል፣ ሲለቅ ጥቂት ዲግሪ ወደ ቀኝ ይጨምራል። አራት ጊዜ። ምንም ቀጭ የሚል ነገር የለም።

የራስ ቅል ሕክምና የሚባለውን አልሠራሁለትም። የስቲል ተማሪ የነበረው ዊልያም ሰዘርላንድ የራስ ቅል አጥንቶች በምት ይንቀሳቀሳሉ፣ የሠለጠነ እጅም ይሰማዋል ብሎ አስተማረ። ለመናወጥ ብዙ ጊዜ የሚታወጀውም ይሄው ነው። ችግሩ፣ ሁለት ባለሙያዎች ያንኑ ራስ ይዘው ሲፈተኑ የሚቆጥሩት ምት አይገጥምም። ያልተያዘን ነገር ለታማሚ ይዤልሃለሁ ማለት አልችልም። ለስላሳ እጅ ራስ ላይ ሲያርፍ ሰው ዘና ማለቱ እውነት ነው፣ ያንን ግን ስሙን ሳልቀይር ዘና ማለት ነው እላለሁ።

ያን ቀን ሲገባ ራስ ምታቱ ከ10 ስድስት ነበር፣ ሲወጣ ሁለት። ኮፍያውን ቀና አደረገ። እናቱ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ማታ ደህና ነበር። ጠዋት ሲነሳ አምስት። ደውለው «ተመለሰበት እኮ» ሲሉኝ አልደነገጥኩም፣ ጠብቄዋለሁ። እጅ የሚሰጠው ፋታ ነው። ጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ቀን። ቁም ነገሩ በዚያ ፋታ ምን ይሠራል የሚለው ነው። በፋታው ተኝቶ ከዋለ ነገም ከነገ ወዲያም እኔ ጋ ይመጣል፣ ገንዘቡም ያልቃል።

ስለዚህ አስኬድነው። ባለበት በሚቆም ብስክሌት ላይ አስቀምጬ ቀስ በቀስ አከበድኩበት፣ የልብ ምቱን አንጓው ላይ እየቆጠርኩ። 130 ሲደርስ ራሱን ያዘ። እሱ ድንበሩ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ 115 አካባቢ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ቢሆን ዳገቱ ያስቸግረን ነበር፣ አራዳ ወጥቶ መውረድ ብቻውን ድንበሩን ያሳልፋል። ደግነቱ አዘዞ ሜዳ ነው። ምቱን ራሱ መቁጠር ተማረ። ማታ ማታ ደግሞ የሌዘሩ ልምምድ፣ ግድግዳው ላይ በሠራነው ክብ። ሌላው የዐይን ልምምድ ነው፣ አውራ ጣቱን እያየ ራሱን ማወዛወዝ፣ መጀመሪያ 20 ሰከንድ እንኳ አላስቻለውም።

ሁለት ነገር ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረን አስተካከልን። ጾሙ ተይዞ ነበር። ልጁ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ነው የሚውለው፣ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታቱ የሚብሰውም ለዚህ ጭምር ነው። እኔ «አትጹም» ለማለት አልደፈርኩም። የነፍስ አባቱን አማክሩ አልኳቸው። እሳቸውም «ታማሚ ነው፣ ጠዋት ይቅመስ» አሉ፣ የጾም ምግቡን ጠዋት መብላት ጀመረ። ሁለተኛው ጠበል ነው። እናትየው ይወስዱት ነበር፣ ውሃው ከከፍታ ማጅራቱ ላይ ነው የሚወርደው። «እትዬ፣ ጠበሉ አይቅርበት። ግን ከላይ ከሚወርደው ሥር አይቁም፣ በእጅዎ እያፈሰሱ ያጥቡት፣ ይጠጣም» አልኳቸው። ቅር አላላቸውም። «ኃይሉ ከከፍታው አይደለም» አሉኝ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደቅን። ፈተናው አስጨንቆት አንድ ሌሊት አራት ሰዓት ሙሉ ስልክ ላይ አነበበ። ሁለት ቀን አልጋ። የመጠይቁ ነጥብ ወደ 30 ወርዶ የነበረው 49 ሆነ። ሲመጣ ፊቴን አያይም፣ መሬት ነው የሚያየው። «አበላሸሁት» አለ። አላበላሸህም፣ ድንበርህን አልፈህ ድንበርህን አገኘህ ነው ያልኩት። ንባቡን በ20 ደቂቃ ቆረጥነው፣ በየመካከሉ አምስት ደቂቃ ከቤት ውጭ። ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ግማሽ ቀን እንዲማር፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ። የክፍል ኃላፊው መምህር ማስታወሻ የሚገለብጡለት ልጆች መደቡለት። ይሄ ከየትኛውም የኔ ጣት የበለጠ የረዳው ይመስለኛል።

መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ኋላ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ዐሥር ጊዜ ተገናኘን። እጅ ሕክምናውን ከስድስተኛው በኋላ ቀነስኩት፣ በአብዛኛው ልምምዱን ማየት ብቻ ሆነ። ሚያዝያ 9፣ ከፋሲካ በኋላ፣ 57 የነበረው ነጥብ 8 ነበር። የቀኝ አንገቱ መዞር ከ22 ወደ 39። የሌዘሩ ስህተት ከ11 ሴንቲ ሜትር ወደ 4። ሙሉ ቀን ይማራል። የቀረው፣ ማታ አምፖል ሥር ረጅም ሰዓት ሲቀመጥ ዐይኑን ይቆጠቁጠዋል።

ያዳነው የቱ ነው? እጄ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጊዜውም አለ፣ ጉዞውም፣ ጠዋት መብላቱም፣ «አንጎሌ ተበላሽቷል» የሚለው ፍርሃት መልቀቁም አለ። አንድ ሰው ላይ ታይቶ መለየት አይቻልም። ካናዳ ካልጋሪ ላይ የተሠራና በ2014 የወጣ ጥናት አለ፣ ከ12 እስከ 30 ዓመት ያሉ 31 ሰዎች ናቸው። የአንገት የእጅ ሕክምናና የሚዛን ልምምድ አብሮ ከተሰጣቸው ውስጥ 73 በመቶው በስምንት ሳምንት ውስጥ ወደ ስፖርት እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው፣ ካልተሰጣቸው 7 በመቶው ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተሰጠውም እጅና ልምምድ አብሮ ነው። የኦስቲዮፓቲ እጅ ሕክምናን ብቻውን ያዩት ጥናቶችም ትንንሾች ናቸው፣ በአብዛኛው የሚያሳዩት እዚያው የሚገኘውን ፋታ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ የታየውም ይሄው ነው። ለዚህ ነው ማጅራቱን ስጫነው ራስ ምታቱ ለማይነሳበት ሰው ይሄን ሕክምና የማልሰጠው።

ሚያዝያ 9 ቀን እናትየው የፋሲካ ዳቦ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጥተዋል። ልጁ ጫማውን እያሰረ «ሲስተር፣ የመጪው ጥምቀት ልዘል እችላለሁ?» አለኝ። እናቱ ቀድመውኝ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ገና ዘጠኝ ወር አለ አልኩት። እስከዚያ ነጥብህ ዜሮ ገብቶ፣ ኳስ ተጫውተህ፣ ሮጠህ ምንም ካልተሰማህ ውሃው አይከለከልህም። ግን ሰው በሰው ላይ በሚዘልበት ሰዓት ሳይሆን ግርግሩ ሲያልፍ፣ ከደረጃው ወርደህ ግባ። «ከደረጃው?» አለ ቅር ብሎት። «ከደረጃው» አሉ እናቱ፣ ዳቦውን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡ።